አምስተኛው አልጋ

ሽማግሌው ከቡና ማስጫዎቹ መካከል በግንባራቸው ተደፍተዋል። አናታቸውን በአካፋ ተመትተዋል። በእንጨት ቋሚ ላይ ከተወጠሩት አምስት የሽቦ አልጋዎች አራቱን በሸራ ሸፍነው፣ የአምስተኛውን ሸራ እንደያዙ ነው ሞት የደረሰባቸው። ሸራው ከሆዳቸው ሥር ተጨማዷል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ዝግታ» ይሏታል። እግሯስ እውነትም ዝግ ያለ ነው፤ ዓይኗን ግን ማን ይችለዋል! አስከሬኑን አይታ ስታበቃ ቀና ብላ አምስተኛውን አልጋ አየች። ሸራው ከሟቹ ሥር እያለ፣ አልጋው በተቀደደ ጆንያ ተሸፍኖ አራቱም ማዕዘን በሲባጎ ታስሯል።

ዕለቱ የሠራተኞች ዕረፍት ነበር። በግቢው የነበሩት ቀኝ እጇ በጄሶ የታሰረው ሴት ልጃቸውና መካኒክ ባሏ ብቻ ናቸው። ታላቅ ወንድሟ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከከተማ ተመለሰ።

«ትናንት ማታ ከአባትሽ ጋር ተጣልተሽ ነበር አሉ» አለቻት መርማሪዋ።

«ወንድሜ ነው የነገረዎት? አዎ፣ ጮኼባቸዋለሁ። ቡናውን ነቅዬ ባሕር ዛፍ እተክላለሁ ሲሉ ማን ዝም ይላል?» ልጅቷ በግራ እጇ የመርማሪዋን ክንድ ያዘች። «በእናትዎ፣ ጡት የሚጠባ ልጅ አለኝ። አይውሰዱኝ!»

የመርማሪዋ አለቃ እስከ ነገ ማታ ልጅቷን ይዘሽ ነይ ብሏታል።

መርማሪዋ መካኒኩን ጠየቀችው። «ቀን ቀን ቡናውን ለምን ይሸፍኑታል?»

«ዝናብ ፈርተው ነዋ! እኔ ከሞተር ሌላ ምን አውቄ።»

ሰማዩ ላይ የደመና ዘር አልነበረም።

ወንድምየው ደግሞ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ከማለዳ ጀምሮ ከተማ ነበርኩ፤ የመፈልፈያውን ጥርስ ላሠራ» አላት።

ያን ዕለት በዚያ ቤት አንዱ ያቀረበውን ሌላው አልቀመሰም። ልጅቷ ሕፃኑን ከጉያዋ አላወረደችም፤ ባሏ ውሃ ሲያቀብላት እንኳ ደነገጠች። ነፍሰ ገዳይ አብሮ ሲቀመጥ ወንበሩም ያስፈራል።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ መርማሪዋ ሦስቱንም ማስጫው ዘንድ ሰበሰበቻቸው። ሸራና ጆንያውን በሙሉ አስገፍፋ ከአልጋዎቹ አጠገብ አስቀመጠች። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

«የታጠበ ቡና በቀትር ካልተሸፈነ የፍሬው ገለፈት ይሰነጠቃል፤ ቡናውም ይበላሻል። አምስተኛው አልጋ ላይ ግን አንድም ፍሬ አልተሰነጠቀም» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ ሰውየው ከሞቱ በኋላ ወዲያው የሸፈነው ሰው አለ። ማን? መካኒኩ የሚሸፈነው ለዝናብ ይመስለዋል። እህቲቱ ምክንያቱን ታውቃለች፤ ግን በአንድ እጅ ሲባጎ አይቋጠርም።»

ወንድምየው ግንባሩን ጠረገ። «መንገደኛ ይሆናላ!»

«ሬሳ አጠገብ ቆሞ ለሰው ቡና የሚጨነቅ መንገደኛ? እስቲ እንጠብቅ።»

ምንም አልቸኮለችም። ከአልጋው ላይ ጠሽ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ገለፈት ተሰነጠቀ። ቀጥሎ ሌላ። ወንድምየው ወዙ በጆሮው ግንድ ይወርዳል፤ ጣቶቹ ሱሪውን ጨምድደዋል።

«ኧረ በፈጠራችሁ ሸፍኑት!» ጮኸ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ ራሱ ዘሎ ጆንያውን ዘረጋው፤ ሲባጎውን ከቋሚው ላይ ሁለቴ አዙሮ ወደ ውስጥ አሾልኮ ሳበው።

መርማሪዋ ከኪሷ ትናንት ከአምስተኛው አልጋ ቆርጣ ያስቀመጠችውን ቋጠሮ አወጣች። ሁለቴ ዞሮ ወደ ውስጥ የሾለከ ነበር።

«ከተማስ አልነበርክም?»

ወንድምየው እጁን አየው። «አባባ ነገ ነቃዮች ይመጣሉ አሉኝ። በእነዚህ እጆች የተከልኩትን! አካፋው እንዴት እጄ እንደገባ… ስሸሽ ዞር ብዬ ሳይ ፍሬው ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። እግሬ እምቢ አለኝ።»

«እኔስ?» አለች እህቱ። ሕፃኑን አጥብቃ ይዛለች። «እኔን ሲወስዱኝ ዝም ልትል ነበር፣ ወንድምዓለም?»

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ካቴናው ሲገባለት ብቻ አጉተመተመ፦ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግለጪው። እንዳትረሺ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እህቱ ወደ አምስተኛው አልጋ ሄደች። ቋጠሮውን በግራ እጇ ታገለችው፤ አልፈታ አላት። ባሏን ቢላዋ አምጣ አለችው።