አትውረድ፣ አየነው

ደጊቱ አየነውን ያወቀችው ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ለዝናቡ ሲባል መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ ውስጡ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሽታው የሚመጣው አጠገቧ የተቀመጠው ወጣት ከታቀፈው ፌስታል ነበር።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ እንቁላሉ ሳይሰበር አልቀረም» አለችው በቀስታ።

ወጣቱ እስከ ጆሮው ቀላ። «እንቁላል አይደለም፤ ድንጋይ ነው። ከባሕር ወለል የወጣ።»

«ድኝ አለበታ!»

ዓይኑ በራ። ደጊቱ እንጅባራ ውስጥ ኬሚስትሪ እንደምታስተምር ሲሰማ ደግሞ ወሬው እስከ መናኸሪያው አላለቀም።

አየነው የዳንግላ ልጅ ነው። ከውቅያኖስ ወለል መዳብ ለማውጣት በሚሞክር መርከብ ላይ ውሃ መርማሪ ሆኖ ተቀጥሯል፤ የመጣው ለዕረፍት ነው። ዕረፍቱን ግን አብዛኛውን እንጅባራ አሳለፈው።

«ድንጋዩ ታች ጨለማው ውስጥ እስካለ ዝም ብሎ ይኖራል» አላት አንድ ቀን በእግር ሲሄዱ። «ፈጭተው ሲያወጡት ኦክስጅን ያገኘዋል። ድኙ አሲድ ይሆናል፤ የታሰረው መዳብና አርሴኒክ ወደ ውሃው ይለቀቃል። ዱቄቱም እንደ ደመና ይንሳፈፋል። የት ድረስ እንደሚሄድ የምለካው እኔ ነኝ።»

«በጣም ርቆ ከሄደስ?»

እጇን ያዘ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር።

ከመሄዱ በፊት አዲስ ቅዳም ከተማ ወዳሉት አባቷ ሽማግሌ ላከ። አቶ አበረ ከሰል አክስለው የሚያድሩ፣ ቃላቸው አጭር የሆነ ሰው ናቸው። «ልጁ ጨዋ ነው። ባሕር ላይ ለሚኖር ሰው ግን ልጄን አልሰጥም» አሉ። ምክንያቱን አልተናገሩም።

አየነው ሄደ። ከመርከቡ ሲደውል ድምፁ ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ መጣ።

«ደጊቱ፣ ፈርቻለሁ። ደመናው ይደርሳል ካሉት አልፎ ሄዷል። ከባሕሩ ሥር ባለው ፍልውሃ ዙሪያ የሚኖሩት ነጫጭ ሸርጣኖች ዱቄት ለብሰው ሞተዋል። ለአለቆቼ ብነግራቸው ‹ገና ሙከራ ነው፣ ዝም በል› አሉኝ።»

«ውጣ ከዚያ!»

«እኔ ከወጣሁ ውሃውን ማን ይለካዋል?»

አንድ ቀን ተማሪዎች ለዕረፍት ወጥተው፣ እሷ ግቢው ውስጥ ቆማ በቪዲዮ ስታወራው ከኋላው ጩኸት ተሰማ። አየነው ዞረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሰው ወደቀ! ድንጋዩ የተከማቸበት ጓዳ ውስጥ... ጓደኛዬ ነው!»

ስልኩን ወለሉ ላይ ጥሎ ሮጠ። ደጊቱ ክው አለች። የተፈጨ እርጥብ ድንጋይ በተዘጋ ጓዳ ውስጥ አየሩን እንደሚበላው፣ ከድኙ የሚወጣው ጋዝም አፍንጫን አደንዝዞ እንደሚገድል ታውቃለች።

«አትውረድ! አየነው፣ ውስጡ አየር የለም! አትውረድ!»

ተማሪዎቿ ጨዋታቸውን አቁመው አፈጠጡባት። ስልኩ ላይ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነበር። ከዚያ እሱም ጠፋ።

ደወለች። ደጋግማ ደወለች። ቀናት አለፉ። ሰሌዳው ፊት ቆማ ጠመኔዋን እንደያዘች የምትጽፈው ሲጠፋባት፣ ፈቃድ ጠይቃ አዲስ ቅዳም ወረደች።

አባቷ የከሰሉን ክምር አፈር እያለበሱ ነበር። ስትነግራቸው አካፋቸውን ጥለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ታናሽ ወንድሜ የመን እሻገራለሁ ብሎ በጀልባ ወጣ» አሉ። «ሬሳውን እንኳ አላየንም። እናቴ እስክትሞት ድረስ በር በሩን ስታይ ኖረች። አንቺም እንደሷ እንዳትጠብቂ ነበር የከለከልኩሽ።»

«ቢከለክሉኝስ መች ቀረልኝ፣ አባዬ? ይኸው እየጠበቅሁ ነው።»

ጥላሸት የነካው ትከሻቸው ላይ ተደግፋ አለቀሰች። አላባበሏትም፤ አብረዋት ተቀመጡ።

ስልኩ የጠራው እዚያው እንዳሉ ነው።

«ሰምቼሻለሁ» አለ አየነው። ድምፁ ሻክሯል። «መሰላሉን ይዤ ነበር። ስትጮሂ ቆምኩ። የአየር ጭንብል እስኪመጣ... ስንደርስለት አልቆ ነበር። የአደጋ መርማሪዎች እስኪመጡ አለቆቼ ስልክ ከልክለውን ነው። ደጊቱ፣ ያኔውኑ ብወርድ ይተርፍ ነበር?»

«አይተርፍም። ሁለት ሬሳ ነበር የሚወጣው።»

በስልኩ ውስጥ ሲያለቅስ ሰማችው። እስኪበቃው አልዘጋችም።

አየነው ስለ ጓዳውም፣ አለቆቹ ዝም በል ስላሉት ውሃም ለመርማሪዎቹ ሳይደብቅ ተናገረ። ቁፋሮው ለጊዜው ቆመ፤ እሱም ከሥራው ተባረረ። በዱቄቱ የተቀበረው የባሕር ወለል መቼ ነፍስ እንደሚዘራ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ዳንግላ በገባ በሳምንቱ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ራሱ አዲስ ቅዳም መጣ። አቶ አበረ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ተመልሰህ ትሄዳለህ?»

ሽማግሌዎቹ «አይሄድም» እንዲል በዓይናቸው ለመኑት። አየነው ደጊቱን አያት።

«አልዋሽዎትም፣ አባቴ። ሌላ ቦታ ሊቆፍሩ ነው ይባላል። ስለ ውሃው መስክር ብለው ከጠሩኝ እሄዳለሁ።»

አቶ አበረ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንቺስ አትፈሪም?»

«በጣም ነው የምፈራው።»

«ታዲያ?»

«ሲሄድ አብሬው እሄዳለሁ።»

አቶ አበረ ጋቢያቸውን ወደ ደረታቸው ሰብሰብ አደረጉ።

«እንግዲያማ ሳይጠሩት በፊት ልዳራችሁ።»