ፓምፑ የሚጠብቃት ጥጃ

«ይሄ ኮድ ነው ወይስ የከብት ገበያ?»

ሙቲንታ ማንም እንዳያይባት ስልኳን ደረቷ ላይ ደፋችው። ጥያቄዋን የዋና ከተማዋ የሉሳካ ልጆች ፕሮግራም የሚማማሩበት ቡድን ውስጥ የለጠፈችው ጠዋት ነበር፤ «ፕሮግራሜ አልሠራ አለኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ» ብላ ሙሉውን ኮድ ዘረገፈችላቸው። አሁን መሳቂያ አድርገዋታል።

«ሙሊሎ ማነው? ሲንዛላስ? እኛ ጠንቋይ መሰልንሽ እንዴ?» አለ ሌላው። ሉምባ የምትባል ልጅ ግን ሳትቀልድ ጻፈችላት፦ «እህቴ፣ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚሠራ በሰው ቋንቋ ጻፊበት። ምን ጠብቀሽ ምን እንደሆነም ንገሪን። ያልገባንን ነገር እንዴት እንጠግናለን?»

ሙቲንታ ተናደደች። ሙሊሎ አንዴ ከተነሳ የማይቆመው በሬያቸው ነበር፤ ስለዚህ ፓምፑ ነው። ሲንዛላ ጠጥታ የማትጠግበው ላም፤ ስለዚህ የውሃ ታንከሩ። ወንድሟ ቾልዌ የትምህርት ቤቱን የውሃ ፓምፕ የሚያስነሳውን ኮድ ሲጽፍ ስሞቹን የወሰደው ከበረታቸው ነው፤ ለእሷ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር አልነበረም።

ከብቶቹን በሽታ ጨረሳቸው። ቾልዌም ሚያዝያ ላይ በሚኒባስ አደጋ ሞተ። ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት ኮዱን ሲነካካ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤቱ ፓምፕ አልተነሳም። ልጆቹ ጀሪካን እየያዙ ወንዝ ይወርዳሉ። እስከ ሰኞ ካልሠራ ዳይሬክተሩ ፓምፑን የሚያዘውን የቾልዌን መሣሪያ አስነቅለው ይጥሉታል። ከቾልዌ እጅ ሥራ የቀረው ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ስሞቹን ልትቀይር ሞከረች፤ እጇ እምቢ አላት። ሙሊሎን ደምስሳ «ፓምፕ» ብትል ወንድሟን ሁለተኛ የቀበረችው መሰላት። ስሞቹን እንዳሉ ትታ ከጎናቸው ማብራሪያ መጻፍ ጀመረች። አሥራ አራተኛው መስመር ላይ ግን ቆመች። መስመሩ ቺፔጎ መልስ እስክትሰጥ ጠብቅ ይላል። ቺፔጎ የምትባል ላም ኖራቸው አታውቅም።

አባቷ ባዶው በረት አጠገብ ተቀምጠዋል። ከቀብሩ ወዲህ የልጃቸውን ስም አንስተው አያውቁም።

«አባባ፣ ቺፔጎ ማናት?»

«ሲንዛላ አርግዛ ነበር። ሴት ከወለደች ለቾልዌ ናት ብዬው ነበር፤ ስም ያወጣላትም እሱ ነው። ሳትወለድ ከእናቷ ጋር ሞተች። ምነው?»

«ኮዱ ውስጥ አስገብቷታል።»

አባቷ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ሙቲንታ ያኔ ገባት፤ ሲንዛላ ታንከሩ ከሆነች ጥጃዋ ሁለተኛው ታንከር ናት። ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ታንከር ሊያመጣ ቃል ገብቶ ነበር። ቾልዌ ኮዱ ውስጥ ቦታውን አስቀድሞ አዘጋጀለት፤ ታንከሩ ግን አልመጣም። ፓምፑ ይኸው እስከ ዛሬ መልስ ይጠብቃል።

መስመሩን ማጥፋት ይበቃ ነበር። ጣቷ ማጥፊያው ላይ ቆየ፤ አልተጫነችውም። ማሽኑ ዘሎት የሚያልፈው፣ ሰው ብቻ የሚያነበው እንዲሆን መስመሩ መጀመሪያ ላይ ምልክት አደረገችበት። ከጎኑም ጻፈች፦ «ቺፔጎ፦ ሁለተኛው ታንከር። አልመጣችም። አትጠብቋት።»

ከዚያ ለሉምባ መጻፍ ጀመረች፦ «ታንከሩ ሲጎድል ፓምፑ መነሳት ነበረበት፤ አይነሳም። ጥፋቱ መስመር አሥራ አራት ላይ ይመስለኛል፤ እዩልኝ።» ጠዋት «ፕሮግራሜ» ያለችውን አየችና አረመችው።

«የጻፈው ወንድሜ ቾልዌ ነበር። ማብራሪያው የእኔ ነው።»

ላከችው።