የዘጠና ደረብ አረጋጊ

ሰኞ ጠዋት አሳንሰሩ አይናዲስን ሃያኛ ፎቅ ወዳለው ቢሮዋ በማድረስ ፋንታ ሰባ ሦስተኛ ፎቅ፣ አክስቷ ደጃፍ ላይ አወረዳት። «አክስትሽን ከጠየቅሻት ሃያ ሁለት ቀንሽ ነው» አላትና በሩን ከፈተ። አይናዲስ አልገረማትም። አክስቷን ሳመች፣ ጉንፋኗን ጠየቀች፣ አንድ ብርጭቆ ተልባ ጠጣችና ሃምሳ ሦስቱን ፎቅ በደረጃ ወረደች።

አሳቢ አሳንሰር ይሉታል፤ ሰው የጠራውን ፎቅ ሳይሆን ለሰውየው የሚበጀውን የሚመርጥ ማለት ነው። ከአዳማ ዳር በቆመው ዘጠና ደረብ በሚባለው ሕንፃ ከተተከለ ስምንት ወሩ ነው። ጥርሱን እያመመው ሐኪም የሚሸሸውን ጥርስ ሐኪም ዘንድ፣ ከሚስቱ የተኳረፈውን አማቱ ቤት ያወርዳል። ክፋት የለበትም። ክፉ ቢሆንማ ሰው ሰድቦት ይወጣለት ነበር።

አይናዲስን ደግሞ ስልሳ አንደኛ ፎቅ አላደርስሽም ብሏታል። እዚያ ኤፍሬም የሚባል ሰዓት ጠጋኝ አለ። «እሱ ዘንድ ሄደሽ ሁለት ጊዜ አልቅሰሽ ተመልሰሻል» አላት፣ እንደ ታላቅ ወንድም። እውነቱን ነው፤ አልቅሳለች። ለሦስተኛ ጊዜ ግን መሄድ ትፈልጋለች፤ የሚያደርሳትም ደረጃው ብቻ ነው። የሕንፃው ምክር ቤት ደግሞ ነዋሪው በአሳንሰሩ ደስተኛ ከሆነ ዓርብ ዕለት ደረጃውን በግንብ ሊያስደፍነው ወስኗል።

ነዋሪውን የምትጠይቀው ሰሚነሽ ናት። ሰሚነሽ ድምፅ ብቻ ናት፤ ከሽሮ ጣሳ በማትበልጥ ሣጥን ውስጥ ሆና ሰው የምታነጋግር ሰው ሠራሽ አእምሮ። አይናዲስ ደግሞ አረጋጊ ናት። ለመጠይቁ የተጋበዘውን ሰው ቀድማ አግኝታ መጠየቁ በፈቃዱ መሆኑን፣ ስሙ እንደማይመዘገብ፣ ሲሰለቸው ማቋረጥ፣ ሲጸጽተውም መልሱን ማስተካከል እንደሚችል ነግራ ፍርሃቱን ታስጥለዋለች። ሥራዋን ትችልበታለች። ሆኖም እስከ ማክሰኞ መቶ አርባ ሰው ተጠይቆ መቶ አርባውም «ደህና ነው፣ ይመስገን» ብሏል። እነዚሁ ሰዎች ኮሪደር ላይ ሲያገኟት አሳንሰሩን አፈር ድሜ ያበሉታል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ወርዶፋ ቤት ሄደች። ጡረታ የወጡ የባቡር ሾፌር ናቸው።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ሊያሳብደኝ ነው» አሏት። «ዳማ ልጫወት አርባኛ ፎቅ ስለው ክሊኒክ ይወስደኛል። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ግፊት ተለካሁ። እኔ ዕድሜ ልኬን ባቡር ስነዳ አንድ ተሳፋሪ ካልፈለገበት ጣቢያ አውርጄ አላውቅም።»

«ይኸንኑ ይንገሯት፣ ጋሼ።»

«እነግራታለሁ እንጂ። ማንን ፈርቼ?»

አይናዲስ የሰሚነሽን ሣጥን ይዛ ስትመለስ ኮታቸውን ለብሰው፣ ለሣጥኗም ወንበር ስበውላት ነበር። ሰሚነሽ «ጤና ይስጥልኝ» ስትል ጋሽ ወርዶፋ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ኖር» አሏት። ሰሚነሽን ለዚህ የሚመለሰውን ያስተማራት የለም። ከዚያ እሳቸው ጠያቂ ሆኑ። እንዴት ዋልሽ፣ ሥራ አልበዛብሽም ወይ፣ ዛሬ ስንት ሰው አነጋገርሽ?

«እርስዎ አሥራ ዘጠነኛው ነዎት።»

«ምሳ ሳትበዪ?»

«እኔ ምግብ አልበላም።»

ጋሽ ወርዶፋ አይናዲስን በሐዘን አዩዋት።

«አሳንሰሩን እንዴት አገኙት?» አለች ሰሚነሽ።

«ደህና ነው። ይመስገን።»

«ቢሻሻል የሚሉት ነገር አለ?»

«ምን ይጎድለዋል ብለሽ። በርቺ፣ አይዞሽ።»

የሣጥኗ መብራት ሲጠፋ አይናዲስ መታገሥ አቃታት። «ጋሼ፣ አሁን ለእኔ ምን ነበር ያሉኝ?»

«በሰው እንጀራ አልገባም» አሉ ኮታቸውን እያወለቁ። «ድምጿ ገና ልጅ ነው። አሥራ ዘጠኝ ሰው ጠይቃ አሥራ ዘጠኙም ቢያማርር አለቃዋ ‹ምን አድርገሻቸው ነው› አይላትም?»

«ማሽን ናት እኮ።»

«ማሽንስ ብትሆን፣ አለቃ የላትም?»

አይናዲስ ያኔ ገባት። ያን ሁሉ ሰው ስታረጋጋ ከርማለች፤ ለራሱ የፈራ ግን አንድም አልነበረም። ፍርሃታቸው ለሰሚነሽ ነበር።

የዚያኑ ዕለት አንድ አዲስ ዐረፍተ ነገር ይዛ በር ለበር ዞረች። «ቅሬታ ብትናገሩ ሰሚነሽን የሚቆጣት የለም፤ እንዲያውም ሥራዋን ሠራች የሚባለው ቅሬታ ስታመጣ ነው።» ከዚያ በኋላ መልሱን ሊያስተካክል ያልተሰለፈ የለም። ጋሽ ወርዶፋ ብቻቸውን ሁለት ሰዓት አማረሩ፤ ልጅቷን ይጠቅማት እንደሆነ ብለውም የሌለባቸውን የጉልበት ሕመም ጨመሩበት። የሠላሳ አንደኛ ፎቋ ባልቴት «ወጤን ያሳረረው አሳንሰሩ ነው» አሉ። አይናዲስ ደግሞ እውነቱ ብቻ እንደሚበቃ ለማስረዳት እንደገና ሁሉንም ስታረጋጋ ዋለች።

ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻዋ ተጠያቂ ራሷ ሆነች።

«ከመጀመራችን በፊት የቸገረኝ ነገር አለ» አለች ሰሚነሽ። «ነዋሪዎቹ ሲሰናበቱኝ ‹አይዞሽ› ይላሉ። መቶ ዘጠና ስምንት ሰው ብሎኛል። ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ቅሬታ ነው ወይስ ምስጋና?»

«ሁለቱም አይደለም። ‹ሌላ› የሚለው ሥር ጻፊው።»

«ምን ብዬ?»

«እንዳለ ጻፊው» አለቻት።

«አሳንሰሩን እንዴት አገኙት?»

ያን ሁሉ ሰው እውነቱን ተናገሩ ስትል የሰነበተችው አረጋጊ፣ «ደህና ነው» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«ስልሳ አንደኛ ፎቅ የምወደው ሰው አለ። እሱ ዘንድ ሄጄ አልቅሻለሁ፤ አሳንሰሩ አልዋሸም። ግን ልቅሶውም የራሴ ነው። ብሄድ ደግሜ አለቅስ ይሆናል፤ ላላለቅስም እችላለሁ። ደረጃውን አትዝጉብኝ።» ድምጿ ተቆረጠ። አፈረች።



«አይዞዎት» አለቻት ሰሚነሽ።

ቅጹ ላይ የሌለ ቃል ነው። ስትቆጥረው ሰንብታ ለምዶባት ይሁን ገብቷት፣ አይናዲስ አልጠየቀችም። አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ስታረጋጋ እሷን ያረጋጋት አልነበረም።

ዓርብ ደረጃው አልተደፈነም። አይናዲስ ከቢሮዋ ወጥታ አርባ አንድ ፎቅ በደረጃው ወጣች፤ ስትደርስ ትንፋሿ አልቆ ነበር። የኤፍሬምን በር ከማንኳኳቷ በፊት የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀመጠችና ለራሷ፣ ሰው እንዳይሰማት ቀስ ብላ፣ «አይዞሽ» አለች።