የአባቴ ግድግዳና መሮው

«በዚህ ዕድሜሽ ደግሞ ባል?» አለኝ ወንድም ጋሼ።

«በየትኛው ዕድሜዬ ነበር ታዲያ? ያኛውንማ አባባን ሳስታምም ጨረስኩት።»

 አባባ ሲሞት ቤቱን ለእኔ የተወልኝ ለዚያ ነው፤ ወንድም ጋሼም ያውቃል። ግን ታላቅ ስለሆነ ቁልፉ አሁንም እሱ ኪስ ውስጥ ያለ ይመስለዋል።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ለስፌት መኪናዬና ለጨርቄ የሚሆን አንድ ክፍል ከቤቱ ኋላ ልቀጥል ብዬ ነው ግንበኛውን ያስጠራሁት። መጣ፣ ሰላም አለኝ፣ ከዚያ መዳፉን አሮጌው ግድግዳ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

«እትዬ፣ አርጅቷል እንጂ አልደከመም» አለ።

«ስለ ግድግዳው ነው?»

ቀና ብሎ አየኝ። ሳቁ ከጺሙ ሥር ቀስ ብሎ ወጣ። እኔም መርፌ አንስቼ ክር የማስገባ መሰልኩ እንጂ ዓይኔ ምንም አላየም።

ግንቡ ከፍ ባለ ቁጥር ወሬያችንም ረዘመ። ጣራው ሳይደርስ «እትዬ» ቀረና «አንቺ» ሆንኩ። ክፍሉም የስፌት ብቻ መሆኑ ቀረና የሁለታችን ሆነ።

ወንድም ጋሼ ይህን ሲሰማ እኔን መከልከል አቃተው፤ ስለዚህ ግድግዳውን ያዘ። ግንበኛው አስረድቶት ነበር። «ጋሼ፣ ዝናቡ በአሮጌው ግድግዳ ተንሸራቶ በአዲሱ ጣራ መጋጠሚያ በኩል ይገባል። ግድግዳውን በመሮ ቦይ ላውጣለትና የላሜራውን ጫፍ እዚያ ውስጥ ልሸጉጠው። ያን ጊዜ ውሃው ላሜራው ላይ ሄዶ በጣራው ይወርዳል።»

«የአባቴን ግድግዳ ብረት አይነካውም!»

እኔ ጨርቅ ልገዛ ወጥቼ ነበር። የኔ ሰው ደግሞ ወንድሟን ደስ ላሰኝ ብሎ፣ ላሜራውን ሳይሸጉጥ በሲሚንቶ ብቻ ለጠፈው። አልነገረኝም።

የመጀመሪያው ዝናብ ነገረኝ። ውሃው በመጋጠሚያው ገብቶ የደንበኛዬ ቀሚስ ላይ ተንጠባጠበ። ወንድም ጋሼ ወዲያው ደረሰ፤ ደስታውን እንኳ አልደበቀም።

«ይኸው፣ ቤቱ ራሱ እምቢ አለ! ዕቃውን ይዞ ይሂድ።»

ሰውየውም መሣሪያውን ይሰበስብ ጀመር!

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«እህትና ወንድም አላጣላም።»

«ላግባሽ ያልከው እኔን ነው ወይስ እሱን?»

መሮውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ዝናቡ አባርቷል። ከቦርሳው መሮና መዶሻውን መንጭቄ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ መሰላሉ ላይ ተንጠላጠልኩ።

«ውረጂ! የአባባ ግድግዳ ነው!» ጮኸ ወንድም ጋሼ።

«አባባን ሳነሳው ሳስተኛው የኖርኩት እኔ ነኝ! ለግድግዳውም እኔ አውቅለታለሁ!»

መታሁ። የልስን ቁራጭ ወደቀ። ደግሜ ስመታ መዶሻው አውራ ጣቴን አገኘው። አልጮህኩም፤ እንባዬ ግን ወረደ።

 ከዚያ መሰላሉ ተነቃነቀ፤ የግንበኛው ትንፋሽ ከኋላዬ መጣ። እጁን እጄ ላይ አደረገ።

«መሮውን ትንሽ አዘንብይው» አለኝ። ወደ ታችም ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ፈንጠር ይበሉ፤ ፍርስራሽ ይወድቅብዎታል።»

ወንድም ጋሼ ፈንጠር አለ።

ላሜራው ቦዩ ውስጥ ገባ፣ አፉም ተደፈነ። እኛም ተጋባን።

ቀጥሎ የመጣው ዝናብ ጣራ የሚበሳ ዓይነት ነበር። ወንድም ጋሼ በስብሶ ገባ። ሰላም እንኳ ሳይለን መጋጠሚያውን ከዳር እስከ ዳር በመዳፉ ዳሰሰው። ደረቅ ነው። ማዕዘኑን ዳሰሰ። እሱም ደረቅ ነው።

«ገና ክረምቱ መች ገባ» አለ።

«ይግባ! ቢያፈስ ባልዲ አስቀምጣለሁ። እሱ ግን አይወጣም።»

ባሌ ወንበር ሳበለት። «ይቀመጡ ጋሼ። ኮትዎን ያውልቁ፣ ብርድ ይመታዎታል።»

አወለቀ። መስቀያ ገና አልነበረንም። ጥፍሩ በጠቆረው አውራ ጣቴ ምስማር ይዤ፣ ወንድም ጋሼ ዓይኑ እያየ፣ የአባቴ ግድግዳ ላይ መታሁና ኮቱን ሰቀልኩለት።