የኤልዘንሃይም ቅጥር

ደምሰው ጠዋት ጠዋት ኖራውን ከአሸዋ ጋር እያሸ፣ ወንዙ ላይ ያደረው ጉም ቀስ እያለ የኤልዘንሃይምን ጣሪያዎች ሲውጣቸው ማየት ይወድ ነበር። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ አንዱ ጫፍ ላይ ሲያስሉ ሌላው ጫፍ ላይ ይሰማል። ዙሪያዋን ያቀፋትን ቅጥር ግን፣ ጀርመንን ሠላሳ ዓመት የፈጀው የጥንቱ ጦርነት እንኳ አልደፈረውም ይላሉ። ሰዎቿ ዝምተኛና ጨዋ ናቸው። ግንበኛውን ደምሰውን ቅጥራቸውን እንዲጠግን ከአገሩ አስመጡት፤ የሚስቱን የምንትዋብንም የመግቢያ ፈቃድ ራሳቸው ጨረሱለት።

አለቃው ሄር ኩንትስ አንድ ቀን በሰሜን በኩል የፈረሰውን ቦታ አሳየው።

«እዚህ ጋ ሰው የሚያስቆም ያህል ክፍት ተው።»

«ለመስኮት ነው ጌታዬ?»

«ለልማድ ነው።»

የክፍተቱ ጀርባ ግን ድፍን ነው፤ ብርሃን አያልፍበትም። ደምሰው ሥራውን ቀጠለ፤ ዳሩ ግን መዶሻውን ባሳረፈ ቁጥር ድንጋይ የማይመልሰው ለስላሳ ድምፅ ከግንቡ ሆድ ይመለስለት ጀመር፤ ከስንጥቁም የቆየ የጠጉር ቅባት የመሰለ ሽታ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ የዳቦ ጋጋሪዋ ሰላምታም፣ መስኮት ተደግፈው የሚያዩት አሮጊቶች ፈገግታም ቁመቱን የሚለካ መሰለው።

ማታውኑ ለምንትዋብ ስልክ ደወለ።

«ምንቴ፣ ይቅርብሽ፤ እኔው ልምጣ። እነዚህ ሰዎች ሊቀብሩኝ ነው መሰለኝ።»

«ኧረ ባክህ!» ሳቀች። «ብርዱ አናትህ ላይ ወጣ እንዴ? አውሮፕላን ማረፊያ ደርሼ ነው የምትቀልደው?»

በማግስቱ ሰው ዘወር ሲልለት፣ ክፍተቱ ውስጥ ገብቶ ለመቆም ሞከረ። አናቱ ድንጋዩን መታው፤ ትከሻውም አልገባ አለው። የእሱ ልክ አልነበረም። ትንፋሹን ለቀቀ፤ በራሱም ፍርሃት ሳቀ።

ያን ጊዜ ደወሉ ያለ ሰዓቱ ተደወለ። ጥቁር የለበሱ ሰዎች ጉሙን እየሰነጠቁ መጡ። በመካከላቸው ደቃቃዋ ምንትዋብ የአበባ አክሊል ደፍታ፣ አፍራ ትስቃለች።

«ባቡር ጣቢያ ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ እኮ! ምን ዓይነት ደጎች ናቸው?»

እየመሩ ወደ ክፍተቱ ወሰዷት፤ ጎንበስ እንኳ ሳትል ገባች። ደምሰው ሊሮጥ ሲል ብዙ እጆች በቀስታ ያዙት። ሄር ኩንትስ የግንበኛ ማንኪያውን መዳፉ ላይ አኑሮ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈለትና በጆሮው እንዲህ አለው፦

«አይዞህ ልጄ፤ እኔም በኔዋ ላይ ግንቡን ስዘጋ እጄ እንዲህ ይንቀጠቀጥ ነበር።»