በቀለም የሸፈንኩት እብጠት

ከዊልማር ጋር የተዋወቅነው አገጩን ይዤ ነው። በሞንቴቪዲዮ ካርኒቫል በመጣ ቁጥር ሙርጋ በሚባለው የመድረክ ቡድን የሚዘፍኑትን ሰዎች ፊት ቀለም የምቀባው እኔ ናሂር ነኝ። እሱ ደግሞ አዲስ የገባ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ዳቦ ጋጋሪ ነበር።

«አትንቀሳቀስ!» አልኩት።

«እንዲህ እያየሽኝ እንዴት አልንቀሳቀስ?»

ላለማየት ታገልኩ። አልቻልኩም።

በዓመቱ ፍቅረኛሞች ሆነን ነበር። ካርኒቫሉ በተጀመረ በሳምንቱ አንገቱን ስቀባ፣ ከመንጋጋው በታች ጣቴ ጠጠር ያለ እብጠት ነካ።

«ያምሃል?»

«ኧረ ምንም! ስንጮህ ከርመን አንገታችን ባያብጥ ነው የሚገርመው።»

«ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ካርኒቫሉ እኮ አርባ ቀን ብቻ ነው፣ ናሂርዬ። ዛሬ ብቀር ነገ በቦታዬ ሌላ ሰው ይቆማል። ለእማዬ ደግሞ እንዳትነግሪ፤ በሞቴ!»

ሞኝ ነበርኩ፤ ስወደው ደግሞ የባስኩ ሞኝ። እብጠቱ እንዳይታይ ጥላ የሚመስል ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ደራርቤ ቀባሁበት። ካርኒቫሉ እስኪያልቅ፣ በየቀኑ። ሰዉ «ዘንድሮ አቀባብሽ ልዩ ነው» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ካርኒቫሉ ሲያልቅ ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ካንሰር ነው ተባለ።

«ይሄ ከሌላ ቦታ ተነሥቶ አንገቱ ላይ ያረፈ ነው» አለች ሐኪሟ። «መነሻውን ማግኘት አለብን።»

በአፍንጫው ካሜራ አስገብተው ጉሮሮውን አዩ። ከምላሱ ሥር ቆንጥረው መረመሩ፤ ቶንሲሉን አወጡ፤ መላ ሰውነቱን በማሽን አነሡት። መነሻው የለም።

«የት እንደተደበቀ ካላወቅን ጉሮሮውን በሙሉ በጨረር ከመምታት ሌላ ምርጫ የለንም» አለች።

«ድምፄስ?» አለ ዊልማር።

ሐኪሟ ወረቀቷን ማገላበጥ ጀመረች።

«ለመሆኑ መቼ ነው የወጣበት?» አሉ እናቱ፣ እማማ ኢልዳ።

አፌን ስከፍት ዊልማር ቀደመኝ። «ከካርኒቫሉ በኋላ ነው፣ እማዬ።»

አንገቱን ከፍተው እጢዎቹን አወጡ። ሠላሳ ሦስት ቀን ጨረር ተቀበለ። ምራቁ ደረቀ፤ ራሱ የጋገረው ዳቦ አልዋጥ አለው፤ ድምፁም ሄደ። በጥቅምት በሽታው ሳንባው ላይ ታየ።

የዚያን ቀን ከሰዓት አልጋው አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ። «ለእናትህ እነግራቸዋለሁ። ከዚህ በላይ አልችልም።»

ድምፁ ከሄደ ወዲህ የሚያወራበትን ደብተር ሳበና ጻፈ፦ «አትንገሪያት። እኔ ስሄድ ካንቺ በቀር ማን አላት? ካወቀች ትጠላሻለች፤ ብቻዋን ትቀራለች።»

ከዚያ ዓይን ዓይኔን አየኝ። እሺ አልኩት።

በኅዳር ሞተ።

አሁን እሁድ እሁድ ምሳ የምበላው እማማ ኢልዳ ቤት ነው። ባለፈው ሳህን እያጠብን ሳለ እርጥብ እጄን ያዙኝ።

«በካርኒቫሉ ጊዜ ወጥቶበት ቢሆን ኖሮ አንቺ ታዪው ነበር፤ አይደል ልጄ? ትነግሪኝ ነበር።»

«አዎ» አልኳቸው።

ግንባሬን ሳሙኝ።