ከካፒቴኑ ኋላ የተረፈው ገመድ

ይህ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ማመን የእናንተ ፋንታ ነው፤ እኔ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

መስከረም መጨረሻ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ደቡብ አይስላንድ፣ የበረዶ ግግር ላይ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ነፋስ የለም። በአንድ ገመድ የተያያዝን ሦስት ሰዎች ነን። ከፊት እኔ፣ አስጎብኚዋ ሄርዲስ። መሃል ወይዘሮ አልዲስ። ከኋላ ባለቤታቸው ቶርግሪሙር፣ ጡረታ የወጡ የዓሣ መርከብ ካፒቴን። ጉዞው ለሁለቱ ብቻ ነው፤ ጠዋት በረዶው፣ ከሰዓት ባሕሩ።

ከመጨረሻው ሰው ኋላ የሚተርፈውን ገመድ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ማስያዝ ደንብ ነው።

የዚያን ቀን አላስያዝኩም። ወቅቱ ሊያልቅ ነበር፤ ጉልበቴ ቀድሞት አልቋል። ይጎተት ብዬ ተውኩት።

"ልጄ፣ ጅራት አወጣሽልኝ እኮ" አሉ ካፒቴኑ።

"ዝም ብለህ ሂድ፤ በስተርጅናህ አምሮብሃል" አሉ ሚስታቸው።

ጉም ወረደብን...

መጀመሪያ ገመዱ ከበደኝ። ድካም ነው አልኩ።

ቀጥሎ የካፒቴኑ ቀልድ ቆመ።

"ሄርዲስ..." በሹክሹክታ ነው። "ጅራቴን የሆነ ነገር ይዞታል።"

"በረዶው ይዞት ይሆናል። ሳብ ያድርጉት።"

"ሳብኩት።"

"እና?"

"መልሶ ሳበኝ።"

ዞሬ አየሁ። ገመዱ ከእሳቸው ኋላ ተወጥሮ ጉሙ ውስጥ ይገባል። ስንጥቅ ውስጥ የወደቀ ሰው የሚስበው ቢሆን ገመዱ ወደ ታች ባዘነበለ ነበር። ይሄ ግን አግድም ነው...

ደጋግሜ ተጣራሁ።

ጣቢያችንን በሬዲዮ ጠየቅሁ። "ዛሬ ከእናንተ በቀር ወደዚያ የወጣ የለም" አሉኝ።

ያኔ ወይዘሮ አልዲስ በጉልበታቸው ወደቁ። ሦስታችንም ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን... የጫማችን የብረት ጥርስ በረዶውን እየቧጨረ። ከኋላችን አሁን የተሻገርነው ስንጥቅ አለ።

ሰንጢዬን አውጥቼ ወደ ካፒቴኑ ተሳብኩ።

"እንዳትቆርጪ!" እጄን ያዙኝ። "አርባ ዓመት መረብ ጎትቻለሁ። ይሄ ድንጋይ አይደለም። ሰው ነው... እየተንቀጠቀጠ ነው።"

"ሚስትዎን ይዘው ስንጥቁ ውስጥ ሊገቡ ነው!"

ሚስታቸውን አዩ። እጄን ለቀቁኝ።

ቆረጥኩት።

ጩኸት አልነበረም። ገመዱ ጉሙ ውስጥ ገባ... በዝግታ፣ አንድ ሰው እየጠቀለለ እንደሚሰበስበው።

ጉሙ ሲነሳ በሬዲዮ የጠራኋቸው የነፍስ አድን ሠራተኞች መጡ። ስንጥቁን እስከ ታች ፈተሹት። ማንም የለም። ሰው ጠፋብኝ ያለም የለም።

"ወደ ባሕሩ ውሰጂን" አሉ ካፒቴኑ። "እዚህ መቆም አልችልም።"

ግግሩ የዋጠውን ባሕር እስኪያደርስ የሰው ዕድሜ አይበቃም። እዚህ አገር ይህን የማያውቅ የለም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት፣ ባሕሩ ዳር ጥቁሩ አሸዋ ላይ፣ ማዕበሉ በተፋቸው የበረዶ ስባሪዎች መካከል፣ ገመዴ ተኝቷል።

በአንድ ጫፉ የሰንጢዬ ቁርጥ። በሌላው ጫፍ ወገብ ላይ እንደምናስረው ያለ፣ ከገመዱ የተቋጠረ ቀለበት። እኔ አላሰርኩትም።

ወይዘሮ አልዲስ ፊታቸውን አዞሩ።

"የአዋቂ ወገብ አይገባበትም..." አሉ ካፒቴኑ።

ሜትር አውጥቼ ለካሁት። የቀለበቱ ዙሪያ አርባ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ነው።